ዘፋኝ የሚለው ቦታ

ዋናዋ የምትባለው ዘፋኝ ፎቶግራፍ በኮምፒውተሩ ገጽ ላይ በየመስመሩ ብቅ ማለት ጀመረ። መጀመሪያ አንዱ ላይ፣ ቀጥሎ ሦስቱ ላይ፣ ከዚያ ገጹን ሞላው። ያው አንድ ፎቶግራፍ ነው፤ ያው የተቆለለ ፀጉር፣ ያው ሐብል፣ ያው ወደ ጎን የዞረ ፊት። ቀጂው መነጽሩን ከግንባሩ አውርዶ ወደ ኮምፒውተሩ ተጠጋ። ከታች አረንጓዴ መስመር ከግራ ወደ ቀኝ ይሄዳል። ማቆሚያውን ፈለገ። ሲያገኘው መስመሩ ሞልቶ ነበር። «ተጠናቋል» የሚል ጽሑፍ ወጣ።

ከእያንዳንዱ ፎቶግራፍ ጎን «ዘፋኝ» የሚል ቦታ አለ። ቅድም እዚያ ቦታ ላይ የሁለት ሴቶች ስም ነበር። አሁን የቀረው የአንዷ ብቻ ነው። የጠፋው የሚስቱ ነው።

ልጁን ጠራት። እጇን በፎጣ እያደረቀች ከወጥ ቤት መጣችና ከኋላው ቆመች።

«ምኑን ነካኸው?»

«አስቀምጥ የሚለውን።»

«የቱን አስቀምጥ?»

«ሁሉንም የሚለውን።»

ልጅቱ ወንበር ስባ ተቀመጠች። ገጹን ወደ ታች፣ ደግሞ ወደ ላይ አንቀሳቀሰችው። የእናቷን ስም በፍለጋ ጻፈች። ምንም አልመጣም።

ቀጂው የሚባለው በሥራው ነው። ስሙ የወጣለት በሙዚቃ አዳራሹ ሲሆን ቤተሰቡም፣ ጎረቤቱም፣ አማቶቹም ሳይቀሩ በዚያው ጠሩት። ከሰገነቱ ወንበሮች ጀርባ ባለ አንድ መስኮት ጠባብ ክፍል ነበረችው። ሁለት ባለ ሪል መቅጃ፣ አንድ ወንበርና አንድ የግድግዳ ሰዓት ትይዛለች፤ ሁለተኛ ሰው ከገባ አንዱ መቆም አለበት። ኦርኬስትራው በተጫወተ ቁጥር እዚያ ተቀምጦ ይቀዳል። ሲያልቅ የተቀዳበትን ክር ካርቶን ውስጥ ይከታል፤ በካርቶኑ ጀርባ የሪሉን ቁጥር፣ የዘፈኑን ርዕስና የዘፋኙን ስም ይጽፋል።

አንድ ደንብ ነበረው። ካርቶኑ ላይ የሚጻፈው ማይክሮፎኑ ፊት የቆመው ሰው ስም ነው፤ ፖስተሩ ላይ ያለው አይደለም። የአዳራሹ ሥራ አስኪያጅ አንድ ጊዜ ጠርቶ በዚህ ገሥጾታል። የቀጂው መልስ አጭር ነበር፦ ፖስተሩ የእርስዎ ነው፣ ካርቶኑ የኔ ነው። ሥራ አስኪያጁ ሰገነት ድረስ ደረጃ መውጣት ስለማይወድ ነገሩ በዚያው ቀረ።

ደንቡ ያስፈለገው በሁለት ሴቶች ምክንያት ነው። አንዷ ዋናዋ፣ ሌላዋ ተተኪዋ ይባላሉ። ፖስተር ላይ የምትወጣው ዋናዋ ናት። ዋናዋ ስትታመም፣ መንገድ ስትሄድ ወይም ከሥራ አስኪያጁ ጋር ስትጣላ ተተኪዋ ትወጣለች። ከሦስቱ ምክንያቶች የሚበዛው ሦስተኛው ነበር። አስተዋዋቂው የዘፈኑን ርዕስ ብቻ ተናግሮ ይሄዳል። ልብሱ አንድ ነው፣ መብራቱ ደብዛዛ ነው፣ ድምፁም ቅርብ ነው፤ ተተኪዋ የተቀጠረችውም ድምፅዋ ከዋናዋ ስለሚቀራረብ ነው። ከታች ከተቀመጠው ተመልካች ብዙው ልዩነቱን ሳያውቅ አጨብጭቦ ቤቱ ገብቷል።

ቀጂው ያገባው ተተኪዋን ነው።

አንድ ምሽት ዋናዋ በልምምድ ላይ ተጣልታ፣ በሩን በላያቸው ላይ ወርውራ ሄደች። ተተኪዋ ወጣች። የመጨረሻው ዘፈን ሲያልቅ አዳራሹ በሙሉ ብድግ አለ፤ በክሩ ላይ ጭብጨባው የዘፈኑን ያህል ይረዝማል። ሬዲዮ ጣቢያው በሳምንቱ ቅጂውን ተውሶ አጫወተው። የዘፋኟን ስም የወሰደው ከፖስተሩ ነበር። ከዚያ በኋላ ዋናዋን የማያውቅ ሰው ጠፋ። ካርቶኑ ላይ የተጻፈው ግን የቀጂው ሚስት ስም ነው።

ሚስቱ ከሞተች ቆይቷል። ስሟ ጋዜጣ ላይ የለም፣ ሸክላ ላይ የለም፣ በአዳራሹ ግድግዳ ከተሰቀሉት ፎቶግራፎች ሥርም የለም። ያለው በካርቶኖቹ ጀርባ ብቻ ነበር።

አዳራሹ ሲዘጋ ክሮቹን እንዲወስድ ፈቀዱለት። ልጁ ላፕቶፕ ሰጠችው። እሱም ከሁለቱ አሮጌ መቅጃዎች አንድ የሚሠራ አውጥቶ ክሮቹን አንድ በአንድ ወደ ኮምፒውተር አዛወራቸው። ዓመታት ፈጀበት። ክሮቹ አርጅተው ስለነበር አንዴ ከተጫወቱ በኋላ ይበጣጠሳሉ። ካርቶኖቹም ሻግተዋል። በጀርባቸው ያለውን ፋይሉ ላይ እየጻፈ ጣላቸው። ሥራው ሲያልቅ የቀረው የእጅ መዳፍ የምታህል አንዲት ሃርድ ዲስክ ናት። በላይዋ ላይ ቀይ ፕላስተር ለጥፎ «አይነካም» ብሎ ጻፈባት።

ጆሮው መድከም የጀመረው በዚያን ሰሞን ነው። ሐኪሙ እንዳስረዳው መጀመሪያ የሚሄደው ቀጭኑ ድምፅ ነው፤ የወፍ፣ የፉጨት፣ የ«ስ» እና የ«ሽ»። የቀረው ቀስ እያለ ይከተላል። የመስሚያ መሣሪያ ሰጡት። ሰው ሲያናግረው ይረዳዋል፤ ሙዚቃውን ግን ቆርቆሮ አደረገብኝ ብሎ መሳቢያ ውስጥ ከተተው።

ሳይዘገይ ማስረከብ ነበረበት። የድምፅ ቤተ መዛግብቱ ፋይሎቹን ለመቀበል ተስማምቷል። ተረካቢዋ ጨዋ ሴት ነበረች፤ አንድ ነገር ግን አጥብቃ ነገረችው። የእያንዳንዱ ፋይል መለያ መሞላት አለበት፤ ርዕስ፣ ዘፋኝ፣ ደራሲ፣ ዓመት። ነገ የሚፈልግ ሰው የሚያገኘው በእነዚህ ነው። መለያው ያልተሞላ ፋይል ጉድጓድ ውስጥ እንደወደቀ ዕቃ ነው አለች፤ አለ፣ ግን የለም።

ቀጂው ርዕሱንና ዘፋኙን ጽፏል። ደራሲና ዓመት የሚሉት ቦታዎች ባዶ ናቸው። ያን ሁሉ በእጁ ሊሞላ ከሆነ፣ ዘፈኖቹን አንድ ጊዜ ከዳር እስከ ዳር ሰምቶ ስሞቹን ሳያረጋግጥ ጆሮው ይቀድመዋል። የፈራው ይህን ነበር። ስለዚህ ልጅቱ መለያ የሚሞሉ ሦስት ፕሮግራሞች አወረደችና እሑድ እሑድ አብረው ፈተኗቸው። የባዕድ ስማቸው አልያዝ ስላለው እሱ የራሱን አወጣላቸው።

አንዱን ግራጫው አለው። መልኩ እንደ ሰንጠረዥ ነው፤ እያንዳንዱ ዘፈን አንድ መስመር፣ እያንዳንዱ መለያ አንድ ዓምድ። ራሱ የሚያውቀው ነገር የለም፤ የጻፍክለትን ይጽፋል። መቶ መስመር መርጠህ አንድ ስም ብትጽፍ መቶው ላይ ያሰፍርልሃል። ከመቀየሩ በፊት ያስጠነቅቃል፣ የተሳሳትከውን ይመልሳል፣ ፊደላችንንም ሳያበላሽ ያነባል። ልጅቱ ይኼ ነው አለች። አባትየው ለጥቂት ጊዜ ሞክሮ ከእጅ አይሻል ዶማ አለው።

ሁለተኛው መለያውን የሚያወጣው ከፋይሉ ስም ነው። ቀጂው ግን ፋይሎቹን የሰየመው በሪል ቁጥር ነበር። ፕሮግራሙ ቁጥሮቹን ወስዶ ዘፋኝ የሚለው ቦታ ላይ ደረደራቸው። ቀጂው አየና፣ «ሰባት መቶ አሥራ ሁለት ጥሩ ድምፅ ነበረው» አለ። ያን ፕሮግራም በዚያው ዘጉት።

ሦስተኛውን አዋቂው አለው። ኢንተርኔት ላይ ወጥቶ ዘፈኑን ይፈልጋል፤ ሲያገኝ ርዕሱን፣ ዘፋኙን፣ ደራሲውን፣ ዓመቱን፣ የሸክላውን ፎቶግራፍ ሳይቀር አምጥቶ ይሞላል። ሰውየው ከመቀመጥ በቀር ሥራ የለበትም። ልጅቱ የራሷን ሙዚቃ ሰጥታ ስትፈትነው አንድም አልሳተም። ቢሆንም ለአባቷ አልወደደችለትም። ይኼ የሚያውቀው የታተመውን ነው አለችው፤ ያንተን ያተመው የለም። ቢያንስ ከቢሮ ሌላ ዲስክ ላምጣና ቅጂ እናስቀምጥ አለች። እሱ ቅጂ አያስፈልግም አለ። ተከራከሩ። እሷ ሰኞ ዲስኩን አመጣለሁ ብላ ነገሩን ዘጋችው። እሱ ቅዳሜ ጠዋት፣ እሷ ዕቃ ስታጥብ፣ አዋቂውን ከፈተ።

ቅጂ አያስፈልግም ያለበት ምክንያት ነበረው። ዕድሜውን በሙሉ ስም ያየው ከክሩ ውጭ ነው። ካርቶን ላይ፣ ቢበዛ መሳቢያ ውስጥ በተደረደረ ካርድ ላይ። ካርድ ተሰርዞ ይጻፋል፤ ክሩ ስሙን አያውቅም፣ ካርዱ ቢቀየር ግድ የለውም። ፕሮግራሙን እንደ ካርድ መሳቢያ ነው የቆጠረው። ያመጣውን አይቼ ያልወደድኩትን እጥላለሁ፤ ዲስኩ እንደሆነ ቀይ ፕላስተር አለበት ብሎ አሰበ። ደራሲውንና ዓመቱን ብቻ ሊወስድ ነበር።

አዋቂው የአዳራሹን ቅጂዎች አላወቃቸውም። ሳያውቃቸው ሲቀር በርዕሳቸው ፈለገ። በእነዚያ ርዕሶች የታተመ አንድ ሥራ ብቻ አለ፤ ዋናዋ በኋላ ስቱዲዮ ገብታ ያሳተመችው። ከዚያ ላይ ስሟን፣ ፎቶግራፏንና ዓመቱን ወስዶ በሁሉም ላይ ጻፈ።

ልጅቱ ይህን ቀስ ብላ አስረዳችው። መለያው ከፋይሉ ውጭ አይቀመጥም አለች፤ እዚያው ውስጡ ነው። ካርቶኑና ክሩ አንድ ላይ ተሠርተዋል። አንዱን ስትጽፍ ሌላው ላይ ጽፈሃል። አዋቂው የቀየረውን አይመልስም፤ እሷ የቀደመውን የምታወጣበት መንገድ ካለ ብላ እስከ ከሰዓት ድረስ ሞከረች። አልነበረም።

«የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» አለ ቀጂው።

«እንልቀማ» አለች።

ሰኞ ዲስኩን አመጣች። መጀመሪያ ያለውን እንዳለ ገለበጠች። ከዚያ ግራጫውን ከፈተችና ዘፋኝና ዓመት የሚሉትን ዓምዶች ባዶ አደረገቻቸው። ፎቶግራፉንም አጠፋች። ቀጂው ትልቁን ማዳመጫ ጆሮው ላይ ደፍቶ ተቀመጠ። እሱ ይሰማል፣ ስም ይጠራል፤ እሷ ትጽፋለች።

የመጀመሪያዎቹ ቀላል ነበሩ። በአንዱ ላይ ሚስቱ በደንብ ትስቃለች፤ ከበሮ መቺው ዱላው አምልጦት ነው። በሌላው ላይ ዋናዋ ከመድረክ ሆና ኦርኬስትራውን ትቆጣለች። እየቀጠሉ ሲሄዱ አንዱን ዘፈን ድገሚልኝ አለ። ደገመችለት። እንደገና አለ።

«ትተነፍሳለች?» ሲል ጠየቃት።

«የት ጋ?»

«ከመጨረሻው ቃል በፊት።»

ሁለቱን ሴቶች የሚለየው በዚያ ነበር። ዋናዋ ስንኙን ትጨርስና ትተነፍሳለች። ሚስቱ ከመጨረሻው ቃል በፊት አጭር አየር ትሰርቃለች። ሰገነት ላይ ዓይኑን ጨፍኖ እንኳ አይስታትም ነበር። ትንፋሽ ደግሞ ቀጭን ድምፅ ነው። ሐኪሙ መጀመሪያ ይሄዳል ያለው እሱን ነው፤ ሄዷል።

ልጅቱ ማዳመጫውን ተቀብላ ሰማች። ሹልክ የሚል ነገር ይሰማታል፤ የክሩ ይሁን የሰው መለየት አልቻለችም። የእናቷ ድምፅ ብሎ የሚያውቀው ጆሮዋ ምሳ ቀርቧል ስትል፣ ጫማሽን አውልቂ ስትል የነበረውን ነው። ይህን አያውቀውም። እውነቱን ነገረችው። ቀጂው ማዳመጫውን ከእጇ ወስዶ ገመዱን ጠቀለለ።

«ዋናዋ ጋ እንሄዳለን» አለ።

ዋናዋ የምትኖረው የአውቶቡስ ማዞሪያ ፊት ለፊት ካለ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ነው። አሳንሰሩ አይሠራም፤ ደረጃው አዲስ ቀለም ይሸታል። ቀጂው በሁለተኛው ፎቅ ላይ ቆሞ አረፈ። ከሚስቱ ቀብር በኋላ አልተያዩም። በሩ ላይ ሁለት ቁልፍ ተፈታ፣ ሰንሰለትም ወረደ። ዋናዋ ፀጉሯን ጥቁር ተቀብታለች፤ ከዘራ ይዛለች።

«አንተ! ሰው የሚጠየቀው በሕይወት እያለ ነው ብሎ ማን ነገረህ?»

ድምፅሽን ከፍ አድርጊ፣ አልሰማሽም አላት።

«ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ሲሉ ሰምቻለሁ፤ ያንተ ጭርሱን ካደህ በለኛ» አለች፤ ከፍ አድርጋ። ከዚያ ልጅቱን ከላይ እስከ ታች አየቻት። «ቁመቱን ከሱ ወስደሻል። ግንባርሽ የሷ ነው። ግቢ።»

ሳሎኑ ንጹሕ ነበር። ፒያኖው ተዘግቶ የመድኃኒት ብልቃጦች ተደርድረውበታል። ልጅቱ ላፕቶፑን ጠረጴዛው ላይ አድርጋ፣ የሆነውን ለማስረዳት አዲሱ ዲስክ ላይ የገለበጠችውን፣ አዋቂው ያበላሸውን ገጽ አሳየቻት። ዋናዋ በየመስመሩ ያለውን የራሷን ፊት ቆጠር ቆጠር አደረገች። ይህን ሁሉ የዘፈንኩት እኔ ከሆንኩ ጉሮሮዬ እንዴት ተረፈ ብላ ሳቀች። ሌላ የሳቀ አልነበረም።

ቀጂው የመጣበትን በጥቂት ቃል ነገራት። እኔ አልሰማም፤ ከኔ ሌላ ሁለታችሁን የምትለይ አንቺ ብቻ ነሽ። አድምጪና ንገሪን። ዋናዋ የከዘራዋን ራስ በሁለት እጇ ይዛ በመስኮቱ ወደ ማዞሪያው ተመለከተች። አንድ አውቶቡስ ሞልቶ ሲወጣ በዓይኗ ሸኘችው።

«ያቺም አለችበት?»

«አለችበት።»

የቷ ብሎ የጠየቀ የለም። አዳራሹ ብድግ ያለላት ናት።

«ሌላውን ሁሉ እነግርሃለሁ» አለች ዋናዋ። «ያቺን ለኔ ተዋት።»

«የዘፈነችው እሷ ናት።»

«መሆኗን አጥቼው ነው? ያልነበርኩት እኮ እኔ ነኝ።»

ከዚያ ሳትጠየቅ ተናገረች። መጀመሪያ አካባቢ ለአንድ ጋዜጠኛ እኔ አይደለሁም ብላው ነበር። ጋዜጠኛው ሳቀና ትሕትናዋ ያስደንቃል ብሎ ጻፈ። ለሁለተኛ ጊዜ ለመናገር አፏ አልታዘዘላትም። ከዚያ ወዲህ ሰው መንገድ ላይ የሚያቆማት፣ በየቢሮው ወንበር የሚለቅላት፣ የመድኃኒት ቤቱ ልጅ እንኳ ከሰልፍ የሚያወጣት በዚያች ዘፈን ነው። የራሷን ዘፈኖች የሚያነሣ የለም። ዕድሜዬ በሰው ትከሻ ላይ ነው ያለፈው፤ አሁን አውርዳችሁ የት ልታቆሙኝ ነው አለች። ድምፅዋ ልመና የለበትም። የተወሰነ ነገር እንደሚናገር ሰው ነው የተናገረችው።

ቀጂው ጉልበቱን እያሸ ቆየ። ያለ እሷ የቀሩትን ዘፈኖች አያውቃቸውም፤ ዘፋኝ የሚለው ቦታ ባዶ ሆኖ ይቀራል፣ ቤተ መዛግብቱም አይቀበላቸውም። በቃሏ ከተስማማ ደግሞ በገዛ እጁ የፖስተሩን ስም ካርቶኑ ላይ ሊጽፍ ነው።

«ውሸት አልጽፍም» አለ። «ስምሽን ያቺ ዘፈን ላይ አላደርግም። የሷንም አላስገባም። ያቺ ፋይል ቤት ትቀመጥ።»

«እስከ መቼ?»

«አንቺ እስካለሽ።»

ልጅቱ ጣልቃ ገባች። «አባዬ፣ ዋናዋ ዘፈን እኮ ያቺ ናት።»

«ዋናው ሌላው ነው» አላት። «እናትሽ አንድ ቀን አይደለም የዘፈነችው።»

ዋናዋ ከአንዱ ወደ አንዱ አየች። ከኔ በኋላ የፈለጋችሁትን ጻፉ አለች፤ ብቻ ሙት ወቃሽ አትሁኑ። ወንበሯን ወደ ላፕቶፑ አስጠጋች። አጫውቺ አለቻት ልጅቱን።

ቀጂው የሰውን ቃል ሳይፈትን የሚቀበል ዓይነት አልነበረም። በመጀመሪያው ቀን እሱ ራሱ እርግጠኛ የሆነባቸውን ጥቂት ዘፈኖች መካከል አስገብቶባት ነበር። አንዱንም አልሳተችም። እንዲያውም በአንዱ ላይ፣ ይኼን ልትፈትነኝ ነው ያመጣኸው፤ የከበሮ መቺው ዱላ ሲወድቅ መጋረጃው ጀርባ ነበርኩ አለችው።

ከዚያ በኋላ ከሰዓት ከሰዓት ይመጡ ጀመር። ዋናዋ የምትለየው በትንፋሽ አልነበረም። እሷ የምታዳምጠው የራሷን ጥፋት ነው። «እኔ ነኝ፤ እዚህ ጋ ዘግይቼ ገባሁ» ትላለች። «እኔ ነኝ፤ ጉንፋን ይዞኝ ነበር።» ለሌላው ደግሞ በጣቷ ብቻ ወደ ልጅቱ ታመለክታለች፤ ያንቺ ናት ማለቷ ነው። አንዳንዴ የልጅቱን እናት ዘፈን እስከ መጨረሻው ታደምጥና ይቺን እኔ እንዲህ አልዘፈንኳትም ትላለች። ልጅቱ ትጽፋለች። ግራጫው እንደ ልማዱ ይቀየር ወይ ብሎ ይጠይቃል፤ አዎ ትላለች። ዓምዱ መስመር በመስመር ሞላ። ደራሲና ዓመቱንም እግረ መንገዳቸውን ጨመሩ፤ ዋናዋ ግጥሞቹን ማን እንደጻፈ፣ ማንስ ጽፌያለሁ ብሎ እንደሚያወራ ሁለቱንም ታውቃለች።

ጥቂቶቹን እሷም መለየት አልቻለችም። ደግማ ደጋግማ ሰማቻቸው። እኔም ልሆን እችላለሁ፣ እሷም ልትሆን ትችላለች፤ በእግዜር ስም አላውቅም አለች። ቀጂው በእነዚያ ላይ የሁለቱም ስም ይጻፍ፣ ቀጥሎ «ያልተረጋገጠ» ይባል አለ። ተረካቢዋ ተጠይቃ ይቻላል አለች።

የመጨረሻው ቀን ላይ ልጅቱ ኬብሉን ስትነቅል ዋናዋ ያቺን አሰሚኝ አለች። ልጅቱ አባቷን አየች። ራሱን በእሺታ ነቀነቀ።

ዘፈኑ ሳሎኑን ሞላው። ከታች አውቶቡሶች ይገባሉ፣ ይወጣሉ። ዋናዋ አንገቷን ደፍታ አዳመጠች። ቀጂው ከንፈሯን ያያል እንጂ ከሙዚቃው የሚደርሰው ወፍራሙ ብቻ ነው፤ ባሱና ከበሮው። ጭብጨባው ሲጀምር ልጅቱ ልትዘጋው እጇን ዘረጋች። ዋናዋ ተይው አለቻት። እስኪያልቅ ጠበቁ።

«ከመጨረሻው ቃል በፊት ትተነፍሳለች» አለች ዋናዋ። «አሠልጣኛችን በዚህ ስንቴ ተቆጥቷታል።»

ቀጂው አልሰማም። ልጅቱ ወደ ጆሮው ተጠግታ ደገመችለት።

«ይሰማል?» አለ።

«ይሰማል» አለችው ዋናዋ፤ ጮክ ብላ።

ቤተ መዛግብቱ ፋይሎቹን በዚያው ወር ተረከበ። ከመካከላቸው አንዲት ጎድላለች፤ ተረካቢዋ የሪል ቁጥሮቹ አንድ ቦታ ላይ እንደሚዘሉ አይታ ጠይቃ ነበር። ቀጂው ትመጣለች አላት።

ቀጂው ከመሞቱ በፊት የነበረውን ዓመት ምንም ሳይሰማ ኖረ። ዋናዋ ከእሱ በኋላ ብዙ ቆየች። ልጅቱ የጎደለችውን ፋይል በእናቷ ስም ለቤተ መዛግብቱ ያስገባችው ዋናዋ ከተቀበረች በኋላ በነበረው ሰኞ ነው።